የጉድጓዱ ጅራት

ነገሩ ሁሉ የመጣው ሄልቪ ኮስኬላ ድንጋይ የላሰች ቀን ነው።

ድንጋይ መላስ በማዕድን ከተማዋ በሂራም ነውር እንዳይመስላችሁ። ድንጋይ ደረቅ ሲሆን ዲዳ ነው፤ ሲረጥብ ነው በሆዱ ያለውን የሚናገር። የማዕድን ሰው ውሃ ፍለጋ አይሄድም፣ ምላሱን ያወጣል። የሄልቪ ምላስ ደግሞ የዋዛ ምላስ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት ናት። መሰርሰሪያው ከመሬት ሆድ እንደ ሻማ ድቡልቡል አድርጎ የሚያወጣውን የድንጋይ ዘንግ መጋዘን ውስጥ ትቀበልና ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹ ለምርመራ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ግማሹ በእንጨት ሣጥን ተደርድሮ ለምስክር ይቀመጣል። ከዚህ የተነሳ እጇ የወንድ እጅ ሆኖ ቀርቷል። ቄሱ እንኳን ሲጨብጧት ቀድመው ቀለበታቸውን ያወልቃሉ ይባላል።

ታዲያ ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት በጸደይ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ሮይስ ፋርንሃም የሚባል ሰው ከደቡብ መጣ። ጥርሱ ነጭ፣ ጫማው አዲስ። የማዕድን ኩባንያ አለኝ አለ። ኩባንያው እሱ፣ አንድ መኪናና አንድ ጸሐፊ ነው። ከሐይቁ ወዲያ ያለውን፣ ድሮ ሌላ ኩባንያ ከስሮ ጥሎት የሄደውን መሬት ገዝቻለሁ፣ ወርቅ አለበት፣ የሚቆፈርበት ገንዘብ ነው የጠፋው አለ። ከፊንላንድ የመጡት ሰፋሪዎች በሠሩት አዳራሽ ሕዝቡ ተሰብስቦ እያለ ከኪሱ አንድ ቁራጭ ዘንግ አወጣና ለማንም ሳይሆን በቀጥታ ለሄልቪ ሰጣት።

ሄልቪ ላሰችው። አገላበጠችው። ደግማ ላሰችው።

«ቆንጆ ድንጋይ ነው» አለች።

ይኸው ነው። ወርቅ አለው አላለችም፣ ግዙ አላለችም። ቆንጆ ነው ነው ያለችው፣ ደግሞም ቆንጆ ነበር። ግን የሂራም ሰው ጆሮው ከአፏ ላይ ነበርና በሳምንቱ ስልሳ ሦስት ቤተሰብ አክሲዮን ገዛ። ጡረታውን ያወጣ አለ፣ የጀልባውን ሞተር የሸጠ አለ። የሄልቪ ታናሽ ወንድም ታውኖ አርባ ሺህ ዶላር አስገባ። ማንም «የሮይስን አክሲዮን ገዛሁ» አይልም። «ሄልቪ የላሰችውን ገዛሁ» ነው የሚለው።

ታውኖን ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስት አላገባም። ያለው ከሐይቁ ዳር አባታቸው በእጁ የሠራው ቤት ነው። ልቡ ደግና ቀርፋፋ፣ አፉ ግን ወንፊት ነው። ጠዋት የነገሩት ከሰዓት በሆቴሉ መጠጥ ቤት ይገኛል። ሮይስ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ቢራ ይገዛለታል። ታውኖን በሕይወቱ ማንም ቢራ ጋብዞት አያውቅም ነበር፣ እንግዲህ አስቡት።

አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ሮይስ «አምስት ጉድጓድ ቆፍረናል፣ ውጤቱ ያስደስታል፣ አሁን ሁለተኛ ዙር ገንዘብ እንሰበስባለን» የሚል ደብዳቤ በየቤቱ ላከ። ቅዳሜ ስብሰባ ጠራ። ከቅዳሜ በፊት ለሚከፍል አክሲዮኑ በግማሽ ዋጋ ነው። ይኼኔ የከተማው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የመጀመሪያው የት ደረሰ? ሒሳቡን አንድ ሰው ይይልን ተባለ። ሮይስ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ሳቀ።

«ደስ ይለኛል። ወይዘሮ ሄልቪ ትይልኝ። ከእሷ በላይ የምታምኑት ማን አለ?»

ሄልቪን የመረጣት ስለሚያከብራት አይደለም። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ሒሳብ ምን ታውቃለች ብሎ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብሎ ነው።

ሰኞ ዕለት ጸሐፊዋ ጂሴል ወረቀቱን በካርቶን ይዛላት መጣች። ጂሴል ሁለት ባል የፈታች፣ ሦስተኛ የማትፈልግ፣ ሲጋራ የማይለያት፣ እዚያው የተወለደች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናት።

«እማማ ሄልቪ፣ ይኸውልዎ። እኔ የምጽፈው የተሰጠኝን ነው። ይወቁልኝ።»

«ሳልጠይቅሽ ምን አስማለሽ?» አለች ሄልቪ።

ጂሴል ጭሱን ወደ ጎን ተፋችና ሄደች።

ሄልቪ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ቁጥሩ እንደ ጉንዳን ነው። ብዙውን አልገባትም። አንድ መስመር ግን ገባት። «ቁፋሮ፣ አምስት ጉድጓድ፣ ስምንት ቆፋሪ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር፣ ጥርና የካቲት፣ ስድስት መቶ ሰማንያ ሺህ ዶላር።» ከሥሩ ደረሰኝ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ። ሒሳብ አዋቂ ቢሆን እዚህ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ሄልቪ ግን ሒሳብ አዋቂ አይደለችም፣ የቆፋሪ ሚስት ናት። ሟቹ ባሏ አርማስ ዕድሜውን ሙሉ የመሰርሰሪያ ረዳት ነበር። እሷ ያሰበችው ስለ ማኅተሙ አይደለም፣ ስለ ሰዎቹ ሆድ ነው።

ማክሰኞ ብድግ ብላ ወደ ሱቁ ሄደች። ሂራም ያለው አንድ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ጠየቀችው።

«ጥርና የካቲት ቆፋሪዎች ካንተ እንቁላል ገዝተዋል?»

«የምን ቆፋሪ?»

ወደ ሆቴሉ ሄደች። የሆቴሉን አስተናጋጅ ያዘቻት።

«ባለፈው ክረምት ከቆፋሪዎቹ ጋር የተጣላሽው መቼ ነው?»

«ከየትኞቹ ጋር?»

«አንቺ ስምንት ቆፋሪ ሁለት ወር ተቀምጦ ካንዱ ጋር ሳትጣዪ?»

«ኧረ እማማ፣ አንድም ቢመጣ ኖሮ እዚህ ቆሜ እርስዎን አስተናግዳለሁ? ሄጄ አግብቼ ነበር።»

ሳቁ። ሄልቪ እየሳቀች ወጣች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ሳቋ አለቀ። ስምንት ወንድ ሁለት ወር ሲቆፍር አንድ ብርጭቆ ይሰብራል፣ አንድ ዱቤ ይበላል፣ አንድ ሴት ያስለቅሳል። ሰው ዱካ አለው። እነዚህ ግን በረዶው ላይ ጫማቸውን ሳያሳርፉ ሁለት ሺህ ሜትር ወርደው ተመለሱ።

ለሮይስ ደወለችለት።

«ሰዎችህ ምን ይበሉ ነበር?»

«ይቅርታ?»

«ቆፋሪዎቹ። ሁለት ወር ምን በሉ?»

«አሃ» አለ ሮይስ ሳይደናገጥ፣ «ምግባቸው ከደቡብ በሄሊኮፕተር ነበር የሚመጣው። ሐይቁ ማዶ ያርፋል። ይልቅ ዘንጎቹን ራስሽ ለምን አታያቸውም? መጋዘን ውስጥ ተደርድረዋል። ሐሙስ ነይ፣ ጂሴል ትከፍትልሻለች።»

ይኼ ሰው ሰይጣን ነው ብላችሁ አትፍረዱ፣ ሰነፍ ነው እንጂ። ሰይጣን ቢሆን መጋዘኑን ያቃጥል ነበር። እሱ ግን ድንጋይ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፣ አሮጊትም ሁሉ አንድ ትመስለዋለች።

ሐሙስ ሄልቪ ሄደች። በመጋዘኑ በር ላይ መዝገብ አለ። ማንም ሲገባ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። አደጋ ቢደርስ ማን ውስጥ እንዳለ እንዲታወቅ ነው፣ የማዕድን ሕግ ነው፣ ንጉሥም ቢመጣ ይጽፋል። ሄልቪ እንደ ልማዷ ምላሷን ጥርሷ መሀል ነክሳ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈችና ገባች።

ሣጥኖቹ ተደርድረዋል። አዲስ ምልክት ተለጥፎባቸዋል፣ ያምራል። አምስት ጉድጓድ አሉ። አልዋሸም፣ ድንጋዩ አለ። ሄልቪ ልቧ ትንሽ አረፈ፤ በሰው ላይ ክፉ አሰብኩ እንዴ አለች። ከዚያ የአንደኛውን ጉድጓድ የመጨረሻ ሣጥን ከፈተች። ዘንጉ በረድፍ ይመጣል፣ ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ስንዝር የምታህል ባዶ ቦታ አለ።

የሁለተኛውን ከፈተች። ባዶ ስንዝር አለ። ሦስተኛው። አራተኛው። አምስተኛው።

ቀስ ብላ ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

ይኼን የሚያውቁ የቀሩት ጥቂት ናቸው። የድሮ የሂራም ቆፋሪዎች ጉድጓድ ሲያልቅ የመጨረሻዋን ቁራጭ ሣጥን ውስጥ አይተዋትም ነበር። «ጅራቷ የረዳቱ ናት» ይላሉ። ጅራቷ ከቀረች የሚቀጥለው ጉድጓድ ማሽኑን ውጦ ያስቀራል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ረዳቱ ጅራቷን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። አለቆቹ ያውቃሉ፣ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ዛሬ ከደቡብ የሚመጡት ልጆች ይኼን አልሰሙም፣ ማሽናቸው ኮምፒውተር ነው። አርማስ ግን ሰላሳ አንድ ጅራት ነበረው። በሳውናው፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ፣ በግድግዳው ሥር፣ እንደ ጥርስ ደርድሯቸዋል። በእያንዳንዷ ሥር ውሃ በማያጠፋው ሰማያዊ ቅባት እርሳስ የጉድጓዱን ቁጥርና ቀን ጽፏል። አርማስ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከሐይቁ ማዶ የቆፈረው ደግሞ ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት፣ ለዚያ ለከሰረው ኩባንያ ነው።

ሄልቪ ወደ ቤቷ ነዳች። የሳውናውን በረዶ በአካፋ ጠረገች። የሐይቁ ማዶ ጉድጓዶች ጅራት አምስት ናቸው። በድንች ጆንያ ከታ ተመለሰች። መዝገቡ ላይ እንደገና ፈረመች። ጂሴል ሲጋራዋን ሳትለኩስ ከኋላዋ ቆመች።

ሄልቪ አንዷን አወጣችና ባዶው ስንዝር ላይ አስቀመጠች። አልገጠመችም። ሁለተኛዋን ሞከረች። ትንሽ አዞረቻት፣ ቀጭ አለች። ስብራቱ ከስብራቱ ጋር ጥርስ በጥርስ ተነካከሰ፣ ነጩ ጅማት ሳይቋረጥ አለፈ። ፀጉር አያስገባም።

«እማማ፣ ምን ማለት ነው?» አለች ጂሴል።

«ይኼን ድንጋይ ያወጣው ባሌ ነው ማለት ነው። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከምርመራ ቤት ምን ተባለ መሰለሽ? ወርቅ የለም። የእኛ ስድስት መቶ ሰማንያ ሺህ አንዲት ጉድጓድ አልቆፈረም ማለት ነው።» ጅራቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «ያኔ አዳራሹ ውስጥ የላስኩትም ይኼንኑ ነው። ቆንጆ ነው ያልኩት የራሴን ቁራጭ ነው።»

«ምልክቶቹን እኔ ነኝ የተየብኳቸው» አለች ጂሴል ድምጿ እየቀጠነ። «አሮጌው ረጠበ፣ በአዲስ ቀይሪ ብሎኝ።»

«እስከ ቅዳሜ አፍሽን ዝጊ። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ባለበት።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሄልቪ ለዝምታዋ ጥሩ ምክንያት ነበራት። ወሬው ከወጣ ሮይስ ሣጥኖቹን ሐይቅ ውስጥ ይከታቸዋል፣ እውነት ነው። ግን ሌላም ነበር። ዓመት ተኩል ሙሉ «ሄልቪ የላሰችው» ሲባል ሰምታለች። ስልሳ ሦስት ቤተሰብ ያስገባች ምላስ፣ ስልሳ ሦስቱም ፊት ራሷ እንድታወጣቸው ፈለገች። የሮይስ ጥርስ ሲጠፋ ሕዝብ ሁሉ እንዲያይ ፈለገች። አዳራሹን በልቧ ደጋግማ አየችው፣ የምትለብሰውን ሹራብ ሁሉ መርጣ ጨርሳለች።

ዓርብ ጠዋት ታውኖ የታጠነ ዓሣ ይዞ መጣ። በማግሥቱ ሳውና አብረው ይገባሉ፣ ልማዳቸው ነው።

«እትዬ፣ ሳውናው ደጃፍ በረዶውን ምን ቆፈረው? ቀበሮ ነው?»

«ቀበሮ ነው።»

ታውኖ ተቀመጠ። ዓሣውን በቢላ እየሰነጠቀ፣ ቀና ሳይል «ቤቱን ሸጥኩት» አለ።

«የቱን ቤት?»

«ስንት ቤት አለኝ? የአባባን። ዘጠና አምስት ሺህ። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል። በሚያዝያ ነው የምለቅላቸው። ሮይስ ከቅዳሜ በፊት ካስገባህ በግማሽ ዋጋ ነው ብሎኛል። ወርቁ ሲወጣ ሁለት ቤት እሠራለሁ፣ አንዱ ለአንቺ።»

ሄልቪ እጇ ዳቦው ላይ ቀረ። አፏን ከፈተች። ታውኖ ፊቷ ላይ ቁጭ ብሏል፣ አፉ ወንፊት የሆነ፣ ከሰዓት ሮይስ አጠገብ ቢራ ይዞ የሚቀመጥ። ያቺ ቀጭ ያለች ድንጋይ ታሰበቻት። አዳራሹ ታሰባት።

«እስከ ቅዳሜ ቆይ» አለችው።

«ቅዳሜማ ዋጋው እጥፍ ነው።»

«ቆይ አልኩህ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ቆይ። ታላቅህ አይደለሁ?»

ታውኖ አያት። በአርባ ዓመቱም በስልሳውም እንዲህ ነው የሚያያት፣ ቁራሽ እንደ ነጠቁት ልጅ።

«ሒሳቡን እንድታዪ ሲመርጡሽ ነው አይደል እንዲህ የሆንሽው» አለ። «እኔ ከአንቺ ቀድሜ ሀብታም እንዳልሆን ነው። ይሁን እሺ፣ እቆያለሁ።»

ዓሣውን ትቶላት ሄደ። እሷም እቆያለሁ ብሏል ብላ ራሷን አሳመነች። ታውኖ ሥራ ሲባል የሚቆይ ሰው ነው፣ ሙሉ ዕድሜውን የቆየ ሰው ነው። አንድ ቀን ምን አለው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሮይስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ስለ ሁለተኛው ዙር አወራ። ከዚያ «ወይዘሮ ሄልቪ፣ ሒሳቤን አይተሻል። እስቲ ለሰዎቹ ንገሪያቸው» አለ።

ሄልቪ ወረቀት አልያዘችም። ጂሴልና አንድ ሰው ከመጋዘኑ ሣጥኖች አንዱን ከመኪና አወረዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሄልቪ ከቦርሳዋ ጅራቷን አወጣች።

«ይቺ የአርማስ ናት። ሥሯን አንብቡ፣ ቀኑ አለ። አሁን ባለፈው ክረምት ተቆፈረ የተባለውን እዩ።»

ገጠመቻት። ቀጭ።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው መጡ። እያንዳንዱ አውራ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ ያሳልፋል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። እንደ ለቅሶ ቤት ነበር። አንዱ ብቻ፣ የድሮ ቆፋሪ፣ ለሮይስ «ጌታዬ፣ ሰርቀህስ ሰርቀሃል፣ ቢያንስ ከሞተ ሰው ባትሰርቅ» አለው።

«መጋዘን ውስጥ ተደባልቆ ይሆናል» አለ ሮይስ።

«አልተደባለቀም» አለች ጂሴል ከበሩ አጠገብ። «አምስቱንም ያስቀየርከኝ አንተ ነህ።»

ሮይስ ካፖርቱን አነሳ። መኪናዬን ላሙቃት፣ ብርድ ነው አለ። ወጣ። መኪናዋ እስካሁን እየሞቀች ነው።

ሄልቪ ያን ጊዜ ሕዝቡን አየች። ያየችው ግን በልቧ ያየችውን አዳራሽ አልነበረም። ማንም አላመሰገናት። ከዚያ ታውኖን አየችው። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጧል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። እሱ ብቻ ድንጋዩን ሊነካ አልመጣም።

አጠገቡ ሄደች።

«ቆይተሃል አይደል?»

«ትናንት ከአንቺ ዘንድ ስወጣ» አለ፣ «በቀጥታ ባንክ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር።»

ሄልቪ ከጎኑ ባለው ወንበር ተቀመጠች።

ከከተማ መርማሪዎች መጡ። ሁለት ቁም ሳጥን ወረቀት ወሰዱ። በባንኩ ውስጥ የተገኘው አራት ሺህ ዶላር ነው። ሌላው «የምክር አገልግሎት» እየተባለ የሮይስ ሚስት ቤት ውስጥ ወዳለ ሌላ ኩባንያ ሄዷል፣ ከዚያም የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። የታውኖ ዘጠና አምስት ሺህም ዓርብ ገብቶ ዓርብ ነው የወጣው። ለስልሳ ሦስቱ ቤተሰብ ሲካፈል የደረሳቸው ለአንድ ክረምት ድንች አይበቃም። በሱቁ ውስጥ ሰው ለሄልቪ መንገድ ይለቅላታል፣ እንደ ክብር ሳይሆን እርጥብ ቀለም እንደሚሸሽ ሰው።

በሚያዝያ ታውኖ የአባቱን ቤት ቁልፍ ለገዢዎቹ አስረክቦ፣ በሁለት ሻንጣ የሄልቪ ጓዳ ገባ። ሳምንት ሙሉ ምንም አላለም። በስምንተኛው ቀን፣ ሾርባ እየበሉ፣ አንድ ጊዜ ጠየቃት።

«እትዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ» አለች ሄልቪ። «ቅዳሜ ጠዋት ነው የገባኝ።»

ታውኖ ራሱን ነቀነቀ። ሾርባውን ጨረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ትንሽ ይናገር ጀመር። ማገዶ ይፈልጥላታል። አንድ ቀን ቀልድ ሞከረ። ሄልቪም ጌታዋን አመስግና ተኛች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። የሄልቪ ግን ከዚህም ይብሳል፣ የብብቷን ከጣለች በኋላ አነሳሁት ብላ ነበር።

በኅዳር፣ መርማሪዎቹ የጨረሱትን ሪፖርት ለያንዳንዱ ባለ አክሲዮን በፖስታ ላኩ። ውፍረቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ያህላል። ማንም አላነበበውም። ብዙው ምድጃ ማቀጣጠያ አደረገው። ታውኖ ግን ሌላ ሥራ የለውም። በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያሳለፈ፣ በቀን ሁለት ሦስት ገጽ ያነባል። ሄልቪ «ተወው፣ ዓይንህን ታጠፋለህ» ትለዋለች። «ገንዘቤ ነው፣ ቢያንስ ላንብበው» ይላል።

አንድ ከሰዓት ጣቱ ቆመ። ሄልቪ ከምድጃው አጠገብ ሆና አየችው። ጣቱ ከዚያ ቦታ አልተነሳም። መርማሪዎቹ ጥንቁቆች ናቸውና የመጋዘኑን መዝገብ ገጹን እንዳለ ገልብጠው አስገብተውታል። በትልልቅ ፊደል፣ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሄልቪ ኮስኬላ። ሐሙስ ጠዋት። ሄልቪ ኮስኬላ። ሐሙስ ከሰዓት።

ታውኖ ወረቀቱን አልቀደደም። ድምፁንም አላነሳም። ገጹን አውጥቶ በአራት አጠፈው። ከዚያ ወጣና ከሳውናው ደጃፍ አንዲት ጅራት ይዞ ተመለሰ። የታጠፈውን ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው መሀል ላይ፣ በእሷ ወንበር ፊት አስቀመጠና ድንጋዩን ጫነበት።

«ቀበሮ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

ጓዳው ገብቶ በሩን ዘጋ።

እስካሁን አንድ ቤት ይኖራሉ። ማገዶውን ይፈልጣል፣ ሾርባውን ትሠራለች። ሄልቪ ድንጋዩን ከጠረጴዛው አላነሳችውም፣ እሱም አላነሳውም። ሲበሉ ሳህናቸውን ከዚህና ከዚያ ያደርጋሉ።